የሣር ዘር ለምን አልበቀለም? መልሱ ጤፍ ማሳ ላይ አለ

ባሕር ዳር ላይ ክረምት ሲገባ ያልዘራነው ሁሉ ይበቅላል። የአጥሩ ጥግ፣ የጣሪያው አሸንዳ፣ የኮብልስቶኑ ስንጥቅ ሳይቀር አረንጓዴ ይለብሳል። በገንዘባችን ገዝተን የዘራነው የሣር ዘር ግን አንዳንዴ ወይ ፍንክች። ሰው ይበሳጫል። አንዱ ሻጩን ያማል፣ ሌላው አፈሩን ይረግማል፣ ሦስተኛው «የኔ እጅ አያበቅልም» ብሎ ይተወዋል።

ዘሩ ድሮውኑ ሞቶ የሚገዛበት ጊዜ አለ። እሱን ማጣራት ቀላል ስለሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዘሩ ሲገዛ ደህና ነበር። የሞተው ከተዘራ በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት ውስጥ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ መብቀል ከጀመረ በኋላ መሃል ላይ ደረቀ። ማዳበሪያው፣ የዘሩ ዓይነት፣ የአፈሩ ቀለም ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጡ ጉዳዮች ናቸው።

ግቢያችሁ 10 ካሬ ብቻ ከሆነ ከዘር ጋር ባትታገሉ ይሻላል። ሣር ካለው ጎረቤት አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ቁርጥራጭ ለምኑና በየስንዝሩ ትከሉት። ይይዛል። በካሬ ተቆርጦ የሚሸጠውን ገዝቶ ማንጠፍም አለ። ዘር የሚያዋጣው ቦታው ሰፋ ሲል ነው፤ 50 ካሬ፣ 100 ካሬ፣ ከዚያም በላይ። ያን ያህል መሬት በቁራጭ መሸፈን ወገብ ይሰብራል፣ በካሬ መግዛቱ ደግሞ ኪስ ያራቁታል።

የትኛው ሣር?

የሣር ዘር ፓኬት ላይ ያለው ፎቶ ሁሌም አንድ ነው። አረንጓዴ መስክ፣ ባዶ እግሩን የሚሮጥ ሕፃን። ውስጡ ያለው ዘር ግን በጣም ይለያያል። ስለዚህ ፎቶውን ትታችሁ ጀርባውን አንብቡ።

የግቢ ሣሮች በሁለት ጎራ ይከፈላሉ። ቀዝቃዛ አየር የሚወዱት ራይግራስ፣ ፌስኪዩና ኬንታኪ ብሉግራስ የሚባሉት ናቸው። እነዚህ ደህና የሚያድጉት ከ15 እስከ 24 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ሙቀት ወዳዶቹ ደግሞ ቤርሙዳ፣ ኪኩዩ፣ ዞይዥያና ፓስፓለም ናቸው። ለነሱ የሚመቻቸው ከ27 እስከ 35 ዲግሪ ነው። ልዩነቱ ከላይ የሚታይ የጠባይ ልዩነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠሩበት መንገድ ራሱ የተለያየ ነው። ሙቀት ወዳዶቹ በጠራራ ፀሐይ ውሃ ቆጥበው ይሠራሉ። ሌሎቹ በዚያው ፀሐይ ይዝላሉ።

ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ወይና ደጋ ናት። ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ሞቅ ይላል፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይብሳል። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ይበርዳል። ስለዚህ ለኛ የሚሆነው የሙቀት ወዳዶቹ ጎራ ነው። በታኅሣሥ ትንሽ ይደበዝዙና ያንቀላፋሉ፤ ቀኑ ሲሞቅ ይነሣሉ።

ዘመድ ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ ሲመጣ በሻንጣው ጥግ ሸጉጦ የሚያመጣው ፓኬት ብዙውን ጊዜ የቀዝቃዛ አገር ድብልቅ ነው። ራይግራስ ስላለበት ከ5 እስከ 10 ቀን ውስጥ ብቅ ይላል። ቤተሰቡ እልል ይላል። ሚያዝያ ላይ ግን ውሃ እያጠጣችሁትም ቢጫ መሆን ሲጀምር ታዩታላችሁ። በዚያ ላይ ዘር ከውጭ ማስገባት የኳራንቲን ፈቃድና ከላኪው አገር የተሰጠ የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። እንደ ሽቶና ቸኮሌት በሻንጣ የሚገባ ነገር አይደለም።

ቤርሙዳ ተብሎ በሚያምር ፓኬት የሚሸጠው፣ ገበሬው ዕድሜ ልኩን ሲረግመው የኖረው ሰርዶ ነው። አህያዋ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችበት ራሱ። በእርግጥ ለግቢ ተብለው የተመረጡት ዓይነቶች ቅጠላቸው ቀጠን፣ ንጣፋቸው ጥቅጥቅ ያለ ነው። ጠባዩ ግን ያው ነው። ከመሬት በላይ ሐረግ ይዘረጋል፣ ከመሬት በታችም ይሄዳል፣ በየአንጓው ሥር ይሰድዳል። ማረሻ ሲቆራርጠው እያንዳንዱ ቁራጭ ራሱን ችሎ ይበቅላል። ገበሬውን የሚያስለቅሰው ይህ ጠባይ ለግቢ ሲሆን በረከት ነው። ኳስ ቢጫወቱበት፣ ድንኳን ቢተከልበት፣ ሠርግ ቢደገስበት ተመልሶ ይነሣል።

ኪኩዩ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጅ ነው፤ ማለትም የቤት ልጅ። ፈጣንና ወፍራም ነው፤ ረግጣችሁት ስትሄዱ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል። ግን ልጓም ይፈልጋል። የአበባ መደቡን ይወርራል፣ ከጽጌረዳው ሥር ይገባል፣ አጥር ይሻገራል። አሜሪካኖች በፌዴራል ደረጃ በጎጂ አረምነት መዝግበውታል። ሰፊ ቦታና የሚያጭድ ሰው ካላችሁ ግሩም ነው። ጠባብ ግቢ ውስጥ አበባና አትክልት አብሮ ካለ እኔ አልመክረውም።

ሰማያዊ ፌስኪዩ የሚባል ግራጫ ሰማያዊ ቀለም ያለው ጌጠኛ ሣርም አለ። እሱ ሐረግ አይዘረጋም። በየቁጥቋጦው ይቆማል፤ በመካከሉ ያለው ባዶ መሬት ባዶ ሆኖ ይቀራል። ለድንጋይ መተላለፊያ ዳር ያምራል፣ ግቢ ግን አያለብስም። ውሃ የሚቋጥር መሬት ላይ ሐምሌን መውጣት ይከብደዋል።

ስታዲየም ላይ የምታዩት እንደ ምንጣፍ የተስተካከለ ሣር ያማራችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ በሞቃት አገሮች ስሙ የገነነው ዓይነት ብዙ ጊዜ ድቅል ቤርሙዳ ነው። ተራው ቤርሙዳ 36 ክሮሞዞም አለው፤ የደቡብ አፍሪካ ዘመዱ 18። ሲዳቀሉ የሚወለደው 27 ይይዛል። 27 ለሁለት እኩል ስለማይከፈል ዘር አያፈራም። የሚባዛው በቁራጭ ብቻ ነው። የዚህን ድቅል «ዘር» የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ፣ የሚሸጥላችሁ ሌላ ነገር ነው።

ስለ ጥላ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ሰርዶ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል። ከትልቅ ማንጎ ሥር ደጋግሞ መዝራት ገንዘብ መበተን ነው። እዚያ ድንጋይ አንጥፉ፣ ወንበር አስቀምጡና ቡና ጠጡበት።

ዘሩ ውስጥ የሚሆነው

ደረቅ ዘር የሞተ ይመስላል እንጂ በሕይወት ያለና የተኛ ነው። ውሃ ሲያገኝ መጀመሪያ ይጠጣል፣ ያብጣል። ይህ በሰዓታት ውስጥ የሚሆን ነው። ቀጥሎ ውስጡ ያለው ማሽን ይነሣና የተከማቸውን ስታርች ወደ ስኳር መቀየር ይጀምራል። ቀናት ያልፋሉ። ከዚያ ነጭ ክር የመሰለች ሥር ቅርፊቱን ቀድዳ ትወጣለች።

ቁልፉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሥሯ ከመውጣቷ በፊት ዘሩ ቢደርቅ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም፤ ተመልሶ ይተኛል፣ ሌላ ውሃ ይጠብቃል። ሥሯ ከወጣች በኋላ ግን መመለስ የለም። ጫፏ አንድ ጊዜ ከደረቀ አለቀ። ሰው በ6ኛው ቀን ሐሙሲት ወይም መራዊ ደርሶ ለመመለስ አንድ ቀን ውሃ ሲዘል፣ የሚዘለው ብዙ ጊዜ ይህችን ቀን ነው። ላይ ላዩን ምንም የሚታይ ነገር ስለሌለ ምን እንደገደለ እንኳ አያውቅም።

ሁለተኛው ጉዳይ መጠን ነው። አንድ ግራም የተፈተገ፣ ማለትም ገለባው የተላጠ፣ የሰርዶ ዘር ከ4,000 በላይ ፍሬ አለው። አንድ ግራም ጤፍ ወደ 3,000 ገደማ ነው። ሰርዶ እንግዲህ ከጤፍም ያንሳል። ይህን በምታክል ፍሬ ውስጥ ያለው ስንቅ በጣም ጥቂት ነው። ሁለት ሳንቲ ሜትር አፈር ከጫናችሁባት ብርሃን ሳታይ ስንቋ ያልቃል። ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በላይ መቅበር የለባትም። እንዲያውም ሰርዶ ለመብቀል ብርሃን ያግዘዋል፤ ቀን ሞቆ ሌሊት መቀዝቀዙም ያነቃዋል። ይህን ባሕር ዳር በነፃ ትሰጠናለች።

እንግዲህ ችግሩን ተመልከቱት። ዘሩ ላይ ላዩን መሆን አለበት። ላይ ላዩ ያለው አፈር ግን ከሁሉም ቀድሞ የሚደርቀው ነው። ጠዋት የጠጣ አፈር 6 ሰዓት ሳይሞላ ጫፉ ነጥቶ ታገኙታላችሁ። ከሣር ዘር ጋር ያለው ጣጣ በሙሉ ይህን ቅራኔ ማስታረቅ ነው።

ጎጃም ውስጥ ለኖረ ሰው መፍትሔው አዲስ አይደለም። ጤፍ የሚዘራ ገበሬ ማሳውን ደጋግሞ ያርሳል፣ ያለሰልሳል። ከዚያ ከብት ነድቶ ያስረግጠዋል። ዘሩን ላዩ ላይ ይበትናል እንጂ አይቀብረውም። ለምን ያስረግጣል? ልል አፈር ውስጥ ያለው ባዶ ክፍተት ውሃ ከሥር ወደ ላይ እንዳይሳብ ይቆርጠዋል። የተረገጠ አፈር ግን ከታች ያለውን እርጥበት እየሳበ ለዘሩ ያደርሳል። ደግሞም ልል መሬት ላይ የተበተነ ደቃቅ ዘር በጓልና በጓል መካከል ገብቶ ይቀበራል። ሰርዶና ጤፍ በዕፅዋት ምደባ የአንድ ንዑስ ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ ሙቀት መውደዳቸውም አንድ ነው። ስለዚህ ግቢ ውስጥ ሣር ስትዘሩ ጤፍ የምትዘሩ ምሰሉ።

ከተማ ውስጥ በሬ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። ሳንቃ አንጥፎ በላዩ መራመድ፣ ውሃ የተሞላ በርሜል ማንከባለል፣ ወይም ጠፍጣፋ ጫማ አድርጎ ጎን ለጎን እየረገጡ መሄድ ይበቃል። ልኩን ለማወቅ በመሬቱ ላይ ተራመዱበት። የጫማችሁ አሻራ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ከጠለቀ ገና ነው።

መቼ ይዘራ?

ብዙ ሰው ሐምሌ ላይ ይዘራል። ዝናብ አለ፣ ጎማ መጎተት የለም፣ ምን ይጎድላል? የሐምሌ ዝናብ ግን ለዚህ ዘር አይሆንም። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይከፋል። አንድ ኃይለኛ ዶፍ ዘሩን ጠራርጎ ግቢው ጥግ ይከምረዋል። በነጋታው ጥጉ ላይ እንደ ብሩሽ የተጨናነቀ ቡቃያ፣ መሃሉ ላይ ባዶ መሬት ይሆናል። ጥቁር ዋልካ አፈር ከሆነ ደግሞ ዶፉ ላዩን ይለስነዋል፤ ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ይጠነክራል።

እኔ የምመርጠው ከነሐሴ የመጨረሻው ሳምንት እስከ መስከረም አጋማሽ ያለውን ጊዜ ነው። መሬቱ እስከ ታች እርጥብ ነው፣ ፀሐይ መመለስ ጀምራለች፣ ዝናቡም ሙሉ በሙሉ አልወጣም። ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ጥቅምም አለው፤ የአረም ጉዳይ። መሬቱን ግንቦት ላይ አዘጋጅታችሁ ብትተዉት በክረምቱ ውስጥ ተደብቆ የነበረው አረም ሁሉ ይበቅላል። አበባ ሳያወጣ ሐምሌ ላይ አንዴ፣ ነሐሴ ላይ ደግሞ አንዴ ታስወግዱታላችሁ። የመጨረሻው ጊዜ ላይ በጥልቀት አትቆፍሩ። ላይ ላዩን ፋቅ ብቻ፤ ካልሆነ ከሥር ያለውን የአረም ዘር እናንተው ታወጡታላችሁ። ከዚያ ስትዘሩ ሣሩ የሚሽቀዳደመው ካለቀለት ጠላት ጋር ነው።

የዚህ ወቅት ጉድለቱ ከጥቅምት በኋላ ሰማዩ መዘጋቱ ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ የሰኔን መጀመሪያ ብትመርጡ አልፈርድም። አረሙ ይበዛባችኋል፣ ዶፉም ያሰጋችኋል፣ ግን ሣሩ ሥር ለመስደድ ወራት ያገኛል። ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ግን ተዉት። ሌሊቱ ሲበርድ አፈሩ ከ18 ዲግሪ በታች ይወርድና ዘሩ ተኝቶ ለጉንዳን ቀለብ ይሆናል።

መሬቱ

አዲስ የተሠራ ቤት ግቢ ውስጥ አንድ ስንዝር ቆፍሩና ምን እንደሚወጣ እዩ። የብሎኬት ስባሪ፣ ሚስማር፣ የሲሚንቶ ከረጢት ቁራጭ፣ ፌስታል፣ ከሥሩ ደግሞ መኪና ሲመላለስበት የከረመ ገረጋንቲ። በዚህ ላይ ሦስት ጣት ቀይ አፈር ደፍቶ ዘር መበተን የተለመደ ነው። ሣሩ ይበቅላል፤ የካቲት ላይ ግን ይነዳል፤ ሥሩ የሚወርድበት ቦታ የለውምና። ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ንጹሕ አፈር ያስፈልጋል።

ዋልካ ከሆነ አሸዋ ጨምሮ ለማላላት መሞከር የተለመደ ነገር ነው። ጥቂት አሸዋ በብዙ ዋልካ ላይ ሲጨመር ግን የሚገኘው ከበፊቱ የባሰ ደረቅ ነገር ነው። የበሰበሰ ኮምፖስት ወይም አሮጌ ፍግ ይሻላል፤ ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር አልብሳችሁ ከላይኛው አፈር ጋር አደባልቁት። ትኩስ ፍግ አትጠቀሙ። ቡቃያውን ያቃጥላል፣ የከብቱ ሆድ ያልፈጨውን የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል።

ሐይቁ አጠገብ ያላችሁ ደግሞ ተዳፋቱን አስቡበት። ክረምት ላይ የከርሰ ምድሩ ውሃ ቅርብ ነው። መሬቱ ከቤቱ ግድግዳ እየራቀ በሄደ ቁጥር በየሜትሩ አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይውረድ። ግንበኛው ውሃ ልኩን ይዞ ገና እዚያው እያለ አስለኩት፤ ሣር ከበቀለ በኋላ ማስተካከል ሥራው ሁለት ነው። ውሃ የሚተኛበት ጉድጓድ ውስጥ ሰርዶ አይመቸውም፤ ቦታውን የሚወርሰው ሌላ ነው።

ያ ሌላው እንግጫና ወገኖቹ ናቸው። የዘመን መለወጫ ሰሞን ልጃገረዶች እንግጫ ሲነቅሉ ማየት ደስ ይላል። ግቢያችሁ ውስጥ ግን አትወዱትም። ግንዱን በሁለት ጣት ይዛችሁ ስታሽከረክሩት ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይሰማችኋል፤ የእውነተኛ ሣር ግንድ ክብ ወይም ጠፍጠፍ ያለ ነው። ከዚህ ወገን አንዳንዶቹ ከሥር ትንንሽ ድንች መሰል እብጠት አላቸው። ሳትነቅሉት በፊት ዙሪያውን በጥልቀት ፈንቅሉት፤ ከላይ ቢጎተት ግንዱ ይበጠስና እብጠቱ ከሥር ቀርቶ ሌላ ያበቅላል።

ዘሩን መፈተሽና መመጠን

የገዛችሁትን ዘር ሙሉውን ከመበተናችሁ በፊት 50 ፍሬ ቁጠሩ። ሶፍት አርጥባችሁ ክዳን ባለው የምግብ ፕላስቲክ ውስጥ አንጥፉ፣ ዘሩን ላዩ ላይ ደርድሩ፣ ክደኑት። ሞቅ ያለና ብርሃን የሚያገኝ ቦታ ይቀመጥ፤ ቀጥተኛ ፀሐይ ግን አይምታው። በ14 ቀን ክፈቱና ቁጠሩ፤ ጥቂት ከሆነ እስከ 21 ጠብቁ። 40 ከበቀለ 80 በመቶ ነው፣ ደህና ነው። 15 ብቻ ከሆነ ገንዘባችሁን አስመልሱ። ዘር የሚገድለው ሙቀትና እርጥበት ነው። የዘር ባለሙያዎች የሚሠሩበት የቆየ ግምት አለ፤ የዘሩ እርጥበት በ1 በመቶ ሲቀንስ ወይም የሚቀመጥበት ሙቀት በ5 ዲግሪ ሲወርድ ዕድሜው እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ፣ ተከፍቶ በኪሎ እየተሰፈረ ሁለት ክረምት ያሳለፈ ዘር ምን እንደሚሆን ገምቱት።

መጠኑ ለተፈተገ ሰርዶ በካሬ ከ5 እስከ 10 ግራም ነው። 7 ግራም ብትወስዱ በአንድ ካሬ ላይ 28,000 ፍሬ ነው፤ በጥፍር ስፋት ሦስት ያህል ማለት ነው። ለ50 ካሬ 350 ግራም። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ለዚያ ሁሉ መሬት መሆኑ ስለማይታመን ሰው እጥፍ ይበትናል። ተጨናንቆ የበቀለ ቡቃያ ግን ለሻጋታ የተመቸ ነው፤ አንገቱ ላይ ይበሰብስና ክብ ክብ እየሆነ ይተኛል። አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ሽፋን የተቀባ ዘር ከሆነ ሌላ ሒሳብ ነው። የክብደቱ ግማሽ ያህል ሽፋኑ ሊሆን ስለሚችል መጠኑን እጥፍ አድርጉ።

ደቃቅ ዘርን በእጅ እኩል መበተን የሚችለው የለመደ ሰው ነው። ላልለመደ፣ ዘሩን በወንፊት ከተነፋ ደረቅ አሸዋ ጋር አምስት እጥፍ አድርጎ መቀላቀል ይሻላል። ለሁለት ይከፈልና ግማሹ በቁመት፣ ግማሹ በወርድ ይበተናል። ነፋስ የሚነሣው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት ብትዘሩ ይመረጣል። ከዚያ በሬኩ ጀርባ ቀለል አድርጎ ዳበስ፣ ቀጥሎ መርገጥ።

በመጨረሻ ጉዝጓዝ። የጤፍ ጭድ ሳሳ አድርጎ መበተን ነው፤ አፈሩ በመካከሉ እየታየ። ፀሐይን ይመልሳል፣ የዝናቡን ጠብታ ያበርዳል፣ ዋኔና ዶሮም ቶሎ አያገኙትም። ከጭዱ ውስጥ የቀረ ጤፍ እዚያም እዚህም ይበቅላል፤ አትደንግጡ፣ የአንድ ወቅት ተክል ስለሆነ ሲታጨድ ይጠፋል። ለጉዝጓዝ የደረቀ እምቦጭ፣ ማለትም ጣናን የወረረውን የውሃ ላይ አረም፣ ከሐይቁ ዳር ለማምጣት የሚያስቡ ካሉ ግን ተዉት። የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ ለዓመታት በሕይወት ይቆያል፤ ከግቢያችሁ የሚወጣው ጎርፍ መጨረሻው የት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ሦስቱ ሳምንታት

ሰርዶ ከ7 እስከ 21 ቀን ውስጥ ይበቅላል። በነዚህ ቀናት ግቡ አንድ ነው፤ የላይኛው አፈር እንዳይነጣ። ጠዋት፣ ቀትር ላይ፣ ወደ 10 ሰዓት ገደማ። በየጊዜው በካሬ ሁለት ሊትር ያህል፣ በስፕሪንክለር ወይም ጫፉ እንደ ወንፊት በተበሳ ማጠጫ። የጎማውን አፍ በአውራ ጣት ጨፍኖ መርጨት አይሆንም፤ ዘሩን ይቆፍረዋል። ዝናብ የጣለ ቀን ዝለሉ። ውሃው ላይ ላዩን እስኪተኛ ድረስም አታጠጡ።

ሒሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩ። 50 ካሬ በቀን ሦስት ጊዜ ማለት 300 ሊትር ነው። አንድ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ሦስት ቀን ይዘልቃል ማለት ነው፤ ቤተሰቡ ሳይታጠብበት። ውሃ በአራት ቀን አንዴ የሚመጣላችሁ ከሆነ ግቢውን በሙሉ በአንድ ቀን አትዝሩት። 25 ካሬውን አሁን፣ ሌላውን ይኼኛው ሲይዝ።

መጀመሪያ የሚታየው በጎን ሲያዩት ብቻ የሚለይ አረንጓዴ ጭጋግ ነው። ከላይ ቁልቁል ብታዩት አፈር ነው። ጠዋት ጎንበስ ብላችሁ ከፀሐዩ ትይዩ ተመልከቱ። ሰርዶ መሆኑን ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ፣ ሁለት ሦስት ቅጠል ሲያወጣ አንዷን ንቀሉና ቅጠሉ ከግንዱ የሚለይበትን ቦታ እዩ። አጭር ነጭ ፀጉር በቀለበት መልክ ዞሮ ታገኛላችሁ።

አብዛኛው ከበቀለ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። አሁን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ጉዳት ነው፤ ሥሩ ላይ ላዩን ይለምዳል። በሁለት ቀን አንዴ፣ ከዚያ በሦስት ቀን አንዴ፣ ግን ጠለቅ አድርጋችሁ አጠጡ። የበረታ ሣር በበጋ በሳምንት 25 ሚሊ ሜትር ያህል ይበቃዋል። አንድ ሚሊ ሜትር በአንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነውና ለ50 ካሬ በሳምንት 1,250 ሊትር። ይህ ከበዛባችሁ ሰርዶ ማንቀላፋት ይችላል። ይገረጣል፣ ይደርቃል፣ ክረምት ሲመጣ ይነሣል። መጋቢት ላይ አረንጓዴ ካልሆነ ብሎ መጨነቅ ምርጫ እንጂ ግዴታ አይደለም።

የመጀመሪያው አጨዳ ሣሩ 5 ወይም 6 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ነው። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አትቁረጡ። ማጭዱ ወይም ማሽኑ የተሳለ ይሁን፤ ዶልዱም ከሆነ ቡቃያውን ከነሥሩ ይነቅለዋል። ሰው የሚፈራው ይህን አጨዳ ነው፣ «ገና ሕፃን ነው» እያለ ያዘገየዋል። ሰርዶ ግን ሲታጨድ ነው ወደ ጎን የሚሄደው።

ማዳበሪያን በተመለከተ፣ ከመዝራት በፊት በካሬ 10 ግራም ኤን ፒ ኤስ ከላይኛው አፈር ጋር ቢደባለቅ ፎስፈረሱ ለሥር ይጠቅማል። ዩሪያ የሚሰጠው ከመጀመሪያው አጨዳ በኋላ ነው፤ በካሬ 10 ግራም፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል። ቅጠሉ ደረቅ ሳለ ተበትኖ ወዲያው ውሃ ይጠጣ። ከዚህ በላይ ማብዛት ሣሩን አያሳምርም። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ሣሩ ያልተጠቀመበት በዶፍ ይታጠብና በቦዩ አድርጎ ጣና ይገባል። እምቦጭ ሐይቁ ላይ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እሱም ከአማዞን ተነሥቶ በዓለም የተሠራጨው በአበባው አምሮ፣ ለጌጥ ተብሎ ነበር። ምግቡ ደግሞ ይኸው ከማሳና ከከተማ ታጥቦ የሚወርደው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዩሪያ አትበትኑ። ከክፍት ቦይ አጠገብ ያለውን አንድ ሜትር ያህልም ያለ ማዳበሪያ ተዉት።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ላይ ባዶ የቀሩ ቦታዎች ይኖራሉ። ከመዳፍ የማይበልጠውን አትንኩት፤ ሰርዶ ራሱ ይደርስበታል። ከዚያ የሰፋውን በሬክ ጫር ጫር አድርጉ፣ ከተረፈው ዘር ቆንጥሩበት፣ በጫማችሁ ጠቅ ጠቅ አድርጉና ጭድ አልብሱት። የተረፈውን ዘር በጠባብ ማሰሮ ሳይሆን አየር በማያስገባ ክዳን ባለው ጠርሙስ ውስጥ፣ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት። ለመስከረም ደግሞ ከመዝራታችሁ በፊት እንደገና 50 ፍሬ ቁጠሩ።